የዶሜይኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ድረ ገጽ ሠሪ በኢንተርኔት ስለመቅጠር ከአንባቢዎች የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ እያመረትኩ እሸጣለሁ። አፕወርክ በተባለው የኢንተርኔት ቅጥር መድረክ ላይ «ጥሩ ዌብሳይት የሚሠራልኝ ባለሙያ እፈልጋለሁ» የሚል ማስታወቂያ አወጣሁና በአንድ ቀን ከ40 በላይ ማመልከቻ መጣልኝ። የሚጠይቁት ዋጋ አንዱ ከሌላው 10 እጥፍ ይበልጣል፤ ሁሉም ደግሞ «በሥራዬ ይረካሉ» ነው የሚሉት። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ ወደ ምርጫው ከመግባትዎ በፊት ማስታወቂያውን አንሥተው እንደገና ይጻፉት። «ጥሩ ዌብሳይት» ሲባል ለአንዱ 5 ገጽ ያለው ማስተዋወቂያ፣ ለሌላው ትእዛዝና ክፍያ የሚቀበል ሙሉ ሱቅ ይታየዋል። የዋጋው መራራቅ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ ሰዎቹ የተመኑት የተለያየ ሥራ ነው።

አዲሱ ማስታወቂያ ስንት ገጽ እንደሚፈልጉና የእያንዳንዱን ገጽ ስም ይናገር። ጽሑፉንና ፎቶውን ማን እንደሚያቀርብ፣ በስንት ቋንቋ እንደሚሆን፣ ገዢው ዕቃውን አይቶ ይደውላል ወይስ እዚያው ይከፍላል የሚለውም ይጻፍ። የሚወዷቸውን 2 ወይም 3 ድረ ገጾች አድራሻ ያስቀምጡ፤ ምናቸውን እንደወደዱትም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይግለጹ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ከርክክቡ በኋላ ዋጋና ፎቶ የሚቀይረው ማን እንደሆነ መናገር ነው። እርስዎ ራስዎ የሚቀይሩ ከሆነ እንደ ዎርድፕሬስ ያለ የማስተዳደሪያ ገጽ ያለው ሥርዓት ያስፈልግዎታል። ዓመት ሙሉ ለማይነካ ገጽ ግን ያለ ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) በተራ ፋይል ቢሠራ ይረክሳል፣ ይፈጥናል፤ ማሻሻያ ሳይጫንለት ቆይቶ ሰርጎ ገብ የሚገባበት ቀዳዳም በጣም ይጠብባል።

በማስታወቂያው መሀል አንድ ጥያቄ ጣል ያድርጉ፤ ለምሳሌ «200 ፎቶ ቢኖረኝ ገጹ እንዳይንቀራፈፍ ምን ያደርጋሉ?» ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚልክ ሰው እዚያው ይወድቃል። ጥሩ መልስ ፎቶዎቹን ማሳነስን፣ ዌብፒን ወደመሰለ ቀለል ያለ ፎርማት መቀየርን፣ ተመልካቹ ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ ማድረግን ያነሣል።

ካለፉት ሰዎች ደግሞ አሁን በሥራ ላይ ያሉ 3 ድረ ገጾች ይጠይቁ፤ «ከዚህ ውስጥ እርስዎ የሠሩት የትኛውን ክፍል ነው?» ብለውም ያስከትሉ። አንድ ገጽ ላይ ንድፉን አንድ ሰው፣ ኮዱን ሌላ፣ ጥገናውን ሦስተኛ ሰው ሊሠራው ስለሚችል ይህ ጥያቄ ብዙ ያጠራል። ገጾቹን በስልክዎ ይክፈቷቸው። ከዚያ አድራሻቸውን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በተባለው የጉግል ነፃ መመርመሪያ ውስጥ ያስገቡ። በጉግል መለኪያ ጥሩ የሚባለው ገጽ ዋና ክፍሉ በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ የሚታይ፣ ሲነካም በ200 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ምላሽ የሚሰጥ ነው። ቁጥሩ ቢከፋ ወዲያው አይፍረዱ፤ ባለቤቱ ከርክክብ በኋላ ከካሜራ የወጣ ትልልቅ ፎቶ እንዳለ ጭኖበት ሊሆን ይችላል። ሠሪውን ይጠይቁት፤ ምክንያቱን የሚያስረዳበት መንገድ ችሎታውን ያሳይዎታል።

ገጹ በዎርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ ምንጭ ኮዱን (ከገጹ በስተጀርባ ያለውን ጽሑፍ) ሲከፍቱ የቴሙ፣ ማለትም የዝግጁ ንድፉ፣ ስም አብዛኛውን ጊዜ በፋይሎቹ አድራሻ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ስሙን ፈልገው ከቴሙ ሻጭ ማሳያ ጋር ያነጻጽሩት። ዝግጁ ቴም መጠቀም ነውር የለበትም። ማሳያው ላይ ያለውን እንዳለ አምጥቶ «ከባዶ ነው የሠራሁት» የሚል ሰው ግን ይለፍዎት።

መጨረሻ ላይ ለ2 ወይም ለ3 ሰዎች አንድ ዓይነት ትንሽ ሥራ ከፍለው ያሠሩ። ከ2 እስከ 4 ሰዓት የሚወስድ ይሁን፤ ለምሳሌ የአድራሻ ገጹ ከመልእክት መላኪያ ቅጹ ጋር። ነፃ ሙከራ አይጠይቁ፤ አፕወርክ ይከለክላል፣ ሥራ ያለው ሰውም አይቀበልዎትም። ሥራው ሲመጣ ቅጹን ባዶውን ይላኩት፣ የተሳሳተ ኢሜይልም ያስገቡበት፤ ሁለቱንም አልቀበልም ማለት አለበት። ያልገባውን ሳይጠይቅ በግምት የሠራ ወይም ቀጠሮውን ሳያሳውቅ ያሳለፈ ሰው ትልቁንም ሥራ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ጥያቄ፦ በሰዓት ነው ወይስ በቁርጥ ዋጋ ማዋዋል የሚሻለው?

መልስ፦ የሚሠራው ነገር ቁልጭ ብሎ ከተጻፈ በቁርጥ ይሁን። ለተበላሸ ገጽ ጥገና፣ መንስኤው ላልታወቀ ችግርና ለወርሃዊ ክትትል በሰዓት ይሻላል፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ሳያይ ቁርጥ ዋጋ የሚናገር ሰው ወይ አብዝቶ ይጠይቃል ወይ መሀል ላይ ጥሎት ይሄዳል።

በቁርጥ ሲያዋውሉ ሥራውን በምዕራፍ ይከፋፍሉት። የምንመክረው እንዲህ ነው፦ ለገጾቹ ንድፍ 20 በመቶ፣ ገጾቹ በመሞከሪያ አድራሻ ላይ ሲታዩ 30፣ ቅጹና ክፍያው ሲሠራ 30፣ ሁሉም ወደ እርስዎ ሆስቲንግ (ድረ ገጹ ወደሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ተዛውሮ የይለፍ ቃሎቹ እጅዎ ሲገቡ ቀሪው 20። የየምዕራፉ ገንዘብ አስቀድሞ በመድረኩ ዘንድ በአደራ ይያዝና እርስዎ ሲያጸድቁ ይለቀቃል። ሰው እዚህ ላይ የሚጎዳው ዝም በማለት ነው። አፕወርክ ላይ ሠሪው ሥራውን ካስረከበ በኋላ 14 ቀን ምንም ካላሉ ገንዘቡ በራሱ ይለቀቃል፤ ፋይቨር በተባለው ተመሳሳይ መድረክ ላይ ደግሞ 3 ቀን ብቻ ነው ያለዎት። ርክክቡ በሚጠበቅበት ሳምንት ለምርመራ ጊዜ ይመድቡ።

በሰዓት ከሆነ የሳምንት ጣሪያ ያስቀምጡ። የአፕወርክ መከታተያ በየ10 ደቂቃው ውስጥ አንድ ጊዜ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ የሠሪውን ስክሪን ያነሣል። ሳምንቱ እሑድ ይዘጋል፤ ያልተስማሙበትን ሰዓት የሚቃወሙት እስከሚቀጥለው ዓርብ ነው።

«ይቺን ብቻ ጨምርልኝ» የሚሏት ነገር ሁልጊዜ በጽሑፍና በዋጋ ትሁን። በነፃ ያሠሩትን ሰዓት ሠሪው ከሌላ ቦታ ያካክሰዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ደግሞ ሥራውን ከሚፈትሽበት ጊዜ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የመረጥኩት ልጅ «ኮሚሽኑ ይቅርብን፤ በቀጥታ ይላኩልኝና ዋጋ ልቀንስልዎ» አለኝ። ልስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ። ከመድረኩ ሲወጡ በአደራ የሚያዘው ገንዘብም፣ ሽምግልናውም አብረው ይቀራሉ። አፕወርክ ላይ ከተዋወቃችሁ ክፍያው ለ2 ዓመት በዚያው በኩል እንዲሆን ውሉ ያስገድዳል፤ ቀድሞ ለመውጣት ለመድረኩ የሚከፈል ክፍያ አለ። ይህን ዘለው ቢገኙ አካውንትዎ ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹ አልቋል ተብያለሁ። ኮድ አላውቅም። የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቄ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ግማሽ ቀን ይበቃዎታል። ከሌላ ሰው ኢሜይል በቅጹ በኩል መልእክት ይላኩና ደረሰ ወይስ ወደ ስፓም ገባ የሚለውን ይዩ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው፣ ሰርቨሩ በዶሜይኑ (በድረ ገጹ የአድራሻ ስም) ኢሜይል ለመላክ የተፈቀደለት መሆኑ የዶሜይኑ መረጃ በሚጻፍበት በዲኤንኤስ መዝገቡ ላይ ስላልተጻፈ ነው። ሠሪው መዝገቡን እንዲያስተካክል፣ መልእክቱም በእውነተኛ የኢሜይል አካውንት በኤስኤምቲፒ (በመደበኛው የኢሜይል መላኪያ መንገድ) እንዲላክ ይጠይቁት።

ቀጥሎ ዎርድፕሬስ ከሆነ የንባብ ማስተካከያው ውስጥ ይግቡ። የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። በሥራው ጊዜ ምልክት ይደረግበትና ሲያልቅ ሳይነሣ ይረሳል፤ ባለቤቱ ከወራት በኋላ «ጉግል ላይ አልገኝም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህች ሳጥን ነው። የገጹን ግንኙነት የሚያመሰጥረው የኤስኤስኤል ምስክር ወረቀት በነፃ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት የመጣ ከሆነ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ራሱን የሚያድስ መሆኑን ያረጋግጡ።

ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) መኖሩን ሲነግርዎ በቃል አይቀበሉ። በመሞከሪያ አድራሻው ላይ አንድ ጊዜ ከባክአፑ መልሶ ያስነሣልዎ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ጎደሎ ሊሆን ይችላል። የሚከፈልባቸው ቴሞችና ፕለጊኖች (ተጨማሪ ተግባር የሚሰጡ ማሟያዎች) ፈቃዳቸው በእርስዎ ስም ይሁን። በሠሪው ፈቃድ የገቡ ከሆኑ እርሱ መክፈል ሲያቆም ማሻሻያ ይቋረጥብዎታል፤ ተሰብረው በነፃ የሚወርዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰርጎ ገብ በስውር የሚገባበት የኋላ በር ተተክሎባቸው ነው የሚመጡት።

ጥያቄ፦ ድረ ገጹን የሠራልኝ ሰው ከ2 ወር ወዲህ መልስ አይሰጥም። ዶሜይኑንም ሆስቲንጉንም የገዛው እርሱ ነው። አለቀልኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ይዘቱ፣ ሆስቲንጉና ዶሜይኑ ሦስት ነገሮች ናቸውና ለየብቻ ይያዟቸው።

የማስተዳደሪያ የይለፍ ቃል ካለዎት ፋይሎቹንም ዳታቤዙንም ዛሬውኑ አውርደው ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ። ፋይሎቹ ብቻቸውን አይበቁም፤ የዎርድፕሬስ ጽሑፍ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። የይለፍ ቃል ከሌለዎትም ከሚታየው ገጽ ላይ ጽሑፉንና ፎቶውን አሁኑኑ ይቅዱ፤ ገጹ ከወረደ ዌይባክ ማሽን በተባለው የድረ ገጾች ማኅደር ላይ የቆየ ቅጂ ይፈልጉ። ይዘቱ ከተረፈ ሌላ ሆስቲንግ ገዝቶ መትከል ከባድ አይደለም። የሚያታግለው ዶሜይኑ ነው።

የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን ባዘጋጀው የዶሜይን መፈለጊያ ላይ ስሙን አስገብተው መዝጋቢው ድርጅት ማን እንደሆነና የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። ለሰውየው አጭርና ረጋ ያለ መልእክት ይጻፉ፤ ሥራ ቀይሮ ወይም ያልጨረሰው ነገር አሳፍሮት ሊሆን ይችላልና ወቀሳውን ይተዉት። ዶሜይኑን ከዝውውር ቁልፉ እንዲከፍተውና የዝውውር ኮዱን እንዲልክልዎ ብቻ ይጠይቁ። ዶሜይኑ ከተመዘገበ 60 ቀን ካልሞላው ወደ ሌላ መዝጋቢ ላይዛወር ይችላል፤ እዚያው መዝጋቢ ጋ አካውንት ከፍቶ ከአካውንት ወደ አካውንት ማዘዋወር ግን ብዙ ጊዜ ይቻላል። ዝም ካለ ደረሰኝዎን፣ ውሉንና የተጻጻፋችሁትን ይዘው ለመዝጋቢው ያመልክቱ። ይህ መንገድ ጠባብ ነው። መዝጋቢው የሚያውቀው በስሙ የተመዘገበለትን ሰው ስለሆነ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እምብዛም አያዛውርም።

የሚያበቃበትን ቀን በቅርብ ይከታተሉ። ስሙ ዶት ኮም ከሆነና ሳይታደስ ከቀረ፣ መዝጋቢው የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ ሲያልቅ 30 ቀን የማስመለሻ፣ ከዚያ 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ተቆጥሮ ለማንም ክፍት ይሆናል። በለቀቀበት ቅጽበት ስሙን ለመያዝ ቅድሚያ ትእዛዝ የሚቀበሉ ድርጅቶች አሉ፤ ከወዲሁ ይመዝገቡ።

አዲስ ሰው ሲቀጥሩ ዶሜይኑንና ሆስቲንጉን በራስዎ ስምና በራስዎ ካርድ ይግዙ፤ ለሠሪው የራሱን መግቢያ ይክፈቱለት፣ ሥራው ሲያልቅ ይሰርዙት። ኮዱም ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ በእርስዎ አካውንት ስር ይቀመጥና እርሱ በተባባሪነት ይግባ። በብዙ አገሮች በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር የኮዱ መብት የሠሪው ሆኖ ስለሚቀር፣ ክፍያው ሲጠናቀቅ መብቱ ወደ እርስዎ እንደሚተላለፍ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዶሜይኑን የሚያስመዘግቡበት ኢሜይል ደግሞ በዚያው ዶሜይን ላይ የተከፈተ አይሁን፤ ስሙ የታደሰ ባይሆንና ቢዘጋ የእድሳት ማስታወሻውም፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም የሚላከው ወደተዘጋው ሳጥን ይሆናል።