እናታችንን ቅድስት ብቻ አድርጌ ልጻፋት?

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች 8 ወር ሆናት። ለአንደኛ ዓመት መታሰቢያዋ የሚነበብ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ቤተሰቡ መረጠኝ። አባቴ «ቅድስት ሚስት፣ የጸሎት ሰው» ከሚለው ውጪ መስማት አይፈልግም፤ ልብሷንም አያስነካም። ታናሽ እህቴ ደግሞ ከእናቴ ጋር እንደተኳረፉ ነው የተለያዩት። ረቂቁን አንብባ «ይህችን ሴት አላውቃትም» ካለችኝ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአባትዎ ነገር የተለመደ ነው። በቺካጎ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ያጠኑት የሶሲዮሎጂ ምሁር ሄለና ሎፓታ፣ ብዙዎቹ ሟቹን እንከን የለሽ አድርገው እንደሚያስታውሱ ጽፈዋል። ለትዳር ጓደኛው ሐዘን ያቀልላል። በልጅ ላይ ግን ሌላ ሸክም ይጭናል፤ እንከን ከሌላት እናት ጋር የተጣላች ልጅ ጥፋቱ ሁሉ የእሷ ይሆናል። እህትዎን ያስቆጣት ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ውዳሴውን ቀንሰው ድርጊት ያስገቡ። «ጸሎተኛ ነበሩ» አይበቃም። በስንት ሰዓት ይነሱ ነበር? የማንን ስም እያነሱ ይጸልዩ ነበር? የለመኑት ሳይሆን ሲቀርስ ምን ይሉ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ አይዝለሉት፤ እምነታቸው ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው።

አባትዎን ለብቻቸው፣ ከ45 ደቂቃ ሳያስበልጡ ያነጋግሯቸው፤ ከፈቀዱ በስልክዎ ይቅረጹ። «ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ካሉ የሚያገኙት ያንኑ ውዳሴ ነው። «አንድ ተራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ እንዴት ትውል ነበር?» ይበሏቸው። ዓመተ ምሕረት ቢስቱ እዚያው አያርሟቸው፣ ወሬው ይቆረጣል። ቤተሰቡን በአንድ ላይ ሰብስቦ መጠየቅም አያዋጣም፤ ደፍሮ የሚናገረው ሰው ትዝታ የሁሉም ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ያሉ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ከሠርግ ይጀምራሉ። እናትዎ ሚስትም እናትም ከመሆናቸው በፊት የራሳቸው ሕይወት ነበራቸው፤ እህት ወንድሞቻቸውንና የልጅነት ጓደኞቻቸውን ይጠይቁ። የመጨረሻው ሕመም ደግሞ ከአንድ አንቀጽ አይለፍ፤ ካልተገደበ የአርባና የሃምሳ ዓመት ኑሮን ይውጣል።

ሁለት ጽሑፍ ቢኖርዎት ይሻላል፦ በመታሰቢያው ዕለት የሚነበብ የአምስት ደቂቃ ያህል፣ እና ቤት የሚቀመጥ ደብተር። ኩርፊያው ለአደባባይ አይሆንም፤ በአደባባይ ግን «ከሁሉም ጋር በፍቅር ኖሩ» ብለው አይጻፉ። «ቆጣ ይሉ ነበር፣ የሚሳሱለትን ሰው ደግሞ አብዝተው ይቆጡ ነበር» ዓይነት አንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር፣ እውነት ከሆነ፣ ለእህትዎ በሩን ይከፍታል። ከመነበቡ በፊት ይላኩላት፤ ደብተሩ ላይ ለእናቷ ደብዳቤ እንድትጽፍም ይጋብዟት፤ ማንም ማየት የለበትም።

ልብሱን ይተዉት። ሐዘንተኛ ከሟች ጋር ያለውን ትስስር በጥሶ መጣል አለበት የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሐዘን ተመራማሪዎቹ የክላስ፣ የሲልቨርማንና የኒክማን ሥራ ወዲህ ብዙ ተቀባይነት የለውም። መመልከት ያለብዎት አባትዎ ከቁም ሣጥኑ ውጪ ኑሮ እንዳላቸው ነው፤ ይበላሉ? ይተኛሉ? ሰው ያገኛሉ? የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ከ6 ወር በላይ ዘልቆ የዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ብርቱ ሐዘንን እንደ ሕመም ይቆጥረዋል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለአዋቂዎች 12 ወር ይላል። የባህልና የሃይማኖት ልማድም ከግምት ይገባል፤ መታከም የሚችል ሕመም ነው።

አንድ ነገር ግን ቀን አይቆጠርለትም። አማኝ ሰው «አንድ ቀን አገኛታለሁ» ቢል ተስፋው ነው። «መኖር ምን ያደርግልኛል፣ ልከተላት» ካሉ ግን ሳያድበሰብሱ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብለው ይጠይቋቸው። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባቸውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይተዉአቸው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።