ጥያቄና መልስ፦ በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተሣሉ መኳንንትና ወይዛዝርት

ጥያቄ፦ በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህ ለነገሠ ሰው ውርደት አይሆንም?

መልስ፦ የክብራቸው ማረጋገጫ ያ መደፋት ነው። ከምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከምትታይበት ሥዕል) ጋር በአንድ ላይ መግባት የሚችለው ደብሩን ያሠራና ጉልት (ለደብሩ መተዳደሪያ የሚሆን ርስት) የሰጠ፣ ወይም ሥዕሉን በገንዘቡ ያሣለ ሰው ነበርና፣ ከእግሯ ሥር መገኘት ተራው ምእመን የማይደርስበት ማዕረግ ነበር። እቴጌይቱ በ1723 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ሳለ ዘውድ ጭነው መንግሥቱን ስለ ያዙ፣ ሥልጣናቸው በሰማይ ጥላ ሥር መሆኑን ለአገሩ ሁሉ ማሳየት ያስፈልጋቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሥዕሉን ቀርበው ይመልከቱት፤ ሰውነታቸው መሬት ላይ ቢሆንም ልብሳቸው ግን የባለ ዘውድ ልብስ ነው፤ ሠዓሊው ጌጡን በጥንቃቄ ዘርዝሮ አውጥቶታል።

ጥያቄ፦ መልካቸው እውነተኛ መልካቸው ነው?

መልስ፦ እንደ ፎቶግራፍ አድርገን ልናየው አይገባም። የዘመኑ ሠዓሊ ትልልቅ ዓይኖችን ለብዙዎች በአንድ ዓይነት ይሥላል፤ ባለቤቱን የሚለየው ልብሱ፣ ጌጡ፣ እንዲሁም ብዙ ጊዜ በግርጌ በግእዝ የሚጻፈው የተማኅፅኖ (የልመና) ቃልና ስሙ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳያነቡ ማለፍ የሥዕሉን ግማሽ መተው ነው።

ጥያቄ፦ በሥዕሎቹ ላይ አንዳንዶቹ ሰዎች ፊታቸው በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ብቻ የሚሣሉት ለምንድን ነው?

መልስ፦ እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ ከሓድያንና አጋንንት ናቸው። ያሣለው መኰንን ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ።

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ ነገሥታት ሥዕል በምን ይለያል?

መልስ፦ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ያሲንት ሪጎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1701 የሣለውን የፈረንሳዩን ንጉሥ ሉዊ 14ኛን እንውሰድ። ሥዕሉ ቁመቱ 277 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ንጉሡ የንግሥ ካባቸውን ገለጥ አድርገው፣ ቀይ ተረከዝ ያለው ጫማቸውን እያሳዩ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ከእርሳቸው በላይ የተሣለ ማንም የለም። ሥዕሉ ለስፔን ንጉሥ ለልጅ ልጃቸው እንዲላክ ቢታዘዝም እጅግ ስለ ተወደደ እዚያው ፈረንሳይ ቀረ። በናርጋ ግን ታላቅነት የሚለካው ሰው ከማን አጠገብ በመቀመጡ ስለ ሆነ፣ ያሣለው ሰው ከቅዱሳኑ አንሶ፣ ከዳር ወይም ከግርጌ ይሣላል። በምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ቤተ መንግሥት ሲገባ ግን የእኛም መኳንንት ለምዳቸውን ደርበው፣ ጋሻቸውን ይዘው፣ ያለ ቅዱሳን ብቻቸውን መነሣት ጀመሩ።