ስትሮክ የመታት አይጥ እንዴት ትመረመራለች? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በስትሮክ (ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት) ምርምር ላብራቶሪ ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁን ያለሁት ደሴ ነው። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጡትን እነሆ።

ጥያቄ፦ አይጥ ስትሮክ ይይዛታል እንዴ?

አብዛኛውን ጊዜ እኛ ነን የምናደርስባት። ካደነዘዝናት በኋላ ቀጭን ናይለን ክር በአንገቷ ደም ቅዳ አስገብተን ወደ አንጎል የሚሄደውን ትልቁን ቧንቧ እንዘጋለን። ከ60 ወይም ከ90 ደቂቃ በኋላ ክሩን ስንስበው ደሙ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አትናገርም፤ መጎዳቷን በምን ታውቃላችሁ?

ጅራቷን ይዤ ከጠረጴዛው ከፍ አደርጋታለሁ። ጤነኛዋ ሁለቱንም የፊት እግሮቿን ወደ ታች ትዘረጋለች። የተመታችው አንዱን አጥፋ ወደ ደረቷ ትሰበስበዋለች። ቀኝ አንጎሏ ከተጎዳ የምታጥፈው ግራውን ነው። ሎንጋ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት የጉዳት መለኪያ ነጥብ እንዲህ ይሄዳል፦ 0 እክል የላትም፤ 1 ግራ እግሯን በደንብ አትዘረጋም፤ 2 ወደ ግራ ትዞራለች፤ 3 ወደ ግራ ትወድቃለች፤ 4 በራሷ አትራመድም፣ ንቃቷም ወርዷል።

ችግሩ አይጥ ቶሎ ታገግማለች። ከቀናት በኋላ ይህ ነጥብ ደህና ናት ሊል ይችላል። ለዚህ ነው እኔ የፕላስተሩን ፈተና የምወደው። በሁለቱም መዳፏ ላይ ትንሽ ፕላስተር እለጥፋለሁ። እስክታውቀው ስንት ሰከንድ ፈጀ? በጥርሷ እስክታነሳውስ? የመጀመሪያው ስሜቷን፣ ሁለተኛው ቅልጥፍናዋን ያሳያል። አንዱን መዳፍ ወዲያው አጽድታ ሌላውን ረስታ ስትቀመጥ ማየት ልብ ይነካል።

ጥያቄ፦ የሞተው የአንጎል ክፍልስ?

አንጎሉን በ2 ሚሊ ሜትር ቆራርጠን ቲቲሲ በሚባል ፈሳሽ እንነክረዋለን። በሕይወት ያለው ሥጋ ቀይ ይሆናል፤ የሞተው እንደ አይብ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጩን ብቻ ለክታችሁ እንዳታቆሙ። የተጎዳው ወገን ስለሚያብጥ ቁስሉ ከልኩ በላይ ይታያል። ከጤነኛው ወገን ስፋት ላይ በተጎዳው ወገን የተረፈውን ቀይ ቀንሱ፤ የሚቀረው የቁስሉ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ (ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ) እኛ ጋ ይሞቃል፣ ደሴ ይበርዳል። ለውጥ ያመጣል?

ወንድሜ፣ ከሁሉም ደስ ያለኝ ጥያቄ ያንተ ነው። በጣም ያመጣል። የደነዘዘች አይጥ ሙቀቷን መጠበቅ አትችልም። አንጎል ሲቀዘቅዝ ኦክስጅን የሚፈልገው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ቁስሉ ይጠባል። አንተ መድኃኒቱ ሠራ ትላለህ፤ የሠራው ግን የደሴ ብርድ ነው! ቴርሞሜትር አስገባላት፣ ማሞቂያ ምንጣፍ ላይ አስተኛት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ አቆያት። ከነቃች በኋላም አትተዋት።

ጥያቄ፦ ለአይጥ የሠራው ለሰው ለምን እምቢ ይላል?

ኤንኤክስዋይ-059 የተባለውን ለስትሮክ የተሞከረ መድኃኒት ለምሳሌ እንይ። በእንስሳት ተስፋ ሰጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የሰው ሙከራም እንዲሁ። በ2007 ከ3000 በላይ ሕሙማን የተካፈሉበት ውጤት ሲወጣ ግን አልሠራም። የእኛ አይጦች ወጣትና ጤነኛ ናቸው፤ ሆስፒታል የሚመጡት ሕሙማን ግን ብዙዎቹ ደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ናቸው። ደግሞም ነጥብ የሚሰጠው ሰው የትኛዋ መድኃኒት እንደወሰደች ካወቀ ዓይኑ ያዳላል። እኔም አዳላለሁ። ስለዚህ ነጥብ ሰጪው ሳያውቅ ይስጥ።

ጥያቄ፦ ያማታል?

ቀዶ ጥገናው በማደንዘዣ ነው፤ ከዚያ ማስታገሻ ይሰጣታል። ማታ ግን ማኘክ ያቅታታል። ምግቧን በውሃ አርሼ፣ ደህና ባለው እግሯ በኩል መሬቱ ላይ አስቀምጥላታለሁ።