በርጩማው ላይ መቼ ልቀመጥ? ጅሬንንስ መቼ ልሩጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። ጅማ ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 46። ከ20 ዓመት በላይ ማለዳ ማለዳ ከፈረንጅ አራዳ ተነስቼ ወደ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ሮጫለሁ። ቀኝ ዳሌዬ ተበልቶ ማንከስ ስጀምር ሕንድ ሄጄ ሂፕ ሪሰርፌሲንግ የሚባለውን ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። ዛሬ 9ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሕመም የለም፤ እንቅልፌም ተመልሷል። አንዱን ክራንች ጥያለሁ። ቤተሰቤ ግን እንደ ብርጭቆ ነው የሚይዘኝ። ቡና ሲፈላ እንኳ በርጩማ ላይ አያስቀምጡኝም። አጎቴ ደግሞ «ወጌሻ ልጥራልህ» ይላል። አልፎ አልፎ ዳሌዬ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። የቴኒስ ተጫዋቹ አንዲ መሬይ ይህንኑ ተሠርቶ በዓመቱ ውድድር አሸንፏል ሲባል ሰማሁ። እኔስ ቀስ ብዬ ሶምሶማ ብጀምር ምን ይለኛል?
መምህሩ፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ መምህር፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ሲስተር አይደለሁም። ግን እዚህ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ለምጄዋለሁ።

ሶምሶማው አሁን አይሆንም። ደብዳቤዎን ሳነብ ያስፈራኝ ቀጭ የሚለው ድምፅ አይደለም፤ «ሕመም የለም» ያሉት ነው። እንደ እርስዎ ዓይነት ሰው ሕመም ሲያቆመው ይቆማል። ሕመሙ ሲለቀው ማን ያቆመዋል?

የተሠራልዎትን ነገር አንድ ጊዜ ላስረዳ። በሙሉ የዳሌ ቅየራ የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ይወጣል፤ በምትኩ ዘንግ ያለው ሰው ሠራሽ ራስ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም። የአጥንቱ ራስ ተሞርዶ የብረት ቆብ ተደፋበት፤ ዳሌው ላይ ያለው ጎድጓዳ ደግሞ የብረት ሽፋን ተደረገለት። ከራሱ ሥር ያለው አንገት የራስዎ አጥንት ነው። ለሚንቀሳቀስና በዕድሜ ገና ለሆነ ወንድ ዘዴው የሚመረጠውም አጥንቱ ስለሚተርፍለት ነው። ጣጣውም እዚያው ነው። ያ አንገት በኦፕራሲዮኑ ተነካክቷል፤ የደም ዝውውሩም ተረብሿል። የመሰበር አደጋው የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ቁስሉ በሳምንታት ይደርቃል፤ አጥንቱ ግን አዲሱን ሸክም እስኪለምድ ወራት ይፈልጋል። እርስዎ አሁን ቁስሉ የዳነበት፣ አጥንቱ ግን ገና ሥራ ላይ ያለበት ጊዜ ላይ ነዎት።

ስለ አንዲ መሬይ የሰሙት እውነት ነው፤ እንዲያውም ዓመት አልፈጀበትም። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ለንደን ውስጥ ተሠርቶ በዚያው ዓመት በጥቅምት አንትወርፕ ላይ በነጠላ አሸነፈ። ወደ 9 ወር ገደማ ማለት ነው። ግን መምህር፣ ሰውየው ሥራው ማገገም ብቻ ነበር፤ ከጎኑ የማይጠፋ ባለሙያም ነበረው። እርስዎ ከጎንዎ ያለው አጎትዎ ነው፤ እሱም ወጌሻ ልጥራ እያለ ነው።

ስለ ወጌሻው እንነጋገር። ወጌሻን አልንቅም፤ እኔም ልጅ ሆኜ የወለቀ ጣቴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ይህን ዳሌ ግን ማንም እንዳይነካው። መጎተት የለም፣ ማጠማዘዝ የለም፣ ቅቤ ቀብቶ በጉልበት ማሸትም የለም። አጎትዎ ከተቀየሙ ራጁን ያሳዩዋቸው። ያንን ነጭ የብረት ቆብ ያየ ሽማግሌ ሁለተኛ አይከራከርም፤ ሞክሬዋለሁ።

ወደ በርጩማው። ትናንት ማታ የእናቴን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በሜትር ለካሁት፤ 28 ሳንቲ ሜትር። የራሴ ጉልበት ከወለሉ 46 ነው። እዚያ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከዳሌዬ በላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። የተሠራ ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም የሚባለው ይኼ ነው። ከኋላ በኩል ተከፍተው ከሆነ በዚህ አቀማመጥ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሲኒ መቀበል መገጣጠሚያውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሪሰርፌሲንግ ቆብ የተደፋባት ኳስ ትልቅ ስለሆነች የመውለቅ አደጋው ከሙሉ ቅየራው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም የሠራዎት ሐኪም «አሁን ፈቅጃለሁ» እስኪል ድረስ ቡናውን ከፍ ባለ ወንበር ላይ ይጠጡ። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤትም እንደዚያው ነው፤ ከፍ ያለ መቀመጫ ይሠራለት። ሶላትም ሆነ ስግደት ለጊዜው ወንበር ላይ ይሁን። ባጃጅም ዝቅ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ በጀርባ ገብተው ይቀመጡ፤ እግርዎን ከዚያ ያስገቡ።

ሌላ ማንም የማይነግርዎት ነገር አለ፤ እሱም «ኖር» ማለት ነው። ጠያቂ በገባ ቁጥር እርስዎ ብድግ ይላሉ አይደል? ሽማግሌ ከገባማ በዝላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያድርጉ፤ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይሳቡ፣ የተሠራውን እግር ወደ ፊት ያስቀድሙ፣ በሁለት እጅዎ የወንበሩን መደገፊያ ገፍተው በደህናው እግር ይነሱ። እስኪነሱ እንግዳው ራሱ «በእግዜር! አይነሱ!» ይላል።

ክራንቹን በየትኛው እጅ ይዘውታል? ደብዳቤው ላይ የለም፤ ግን ከአሥር ሰው ስምንቱ በታመመው በኩል ይዞ ነው እኔ ጋ የሚመጣው። በግራ እጅ ይሁን። ቀኝ እግር ሲረግጥ ግራው ክራንች አብሮ ይረግጣል። ደግሞ ሐምሌ ነው፤ የጅማን ጭቃ እርስዎ ያውቁታል። የክራንቹ ጎማ ካለቀ ዛሬ ይቀየር። ዝናብ በዘነበ ማግስት ኮብልስቶን ላይ ከመሄድ በረንዳ ላይ መመላለስ ይሻላል።

ክራንቹን መቼ እንደሚጥሉ ሕመምዎን አይጠይቁ፤ መስታወት ይጠይቁ። ፊት ለፊቱ ቆመው የበር መቃን ይዘው በቀኝ እግር ብቻ ይቁሙ። የግራ ዳሌዎ ዝቅ ካለ የቀኙ ጎን ጡንቻ ገና ነው፤ እያነከሱ መሄድ ይለመድብዎታል ማለት ነው። መቃኑን እንደያዙ ቀኝ እግርን ወደ ጎን ቀስ ብሎ ማውጣትና መመለስ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። አሰልቺ ነው። ሩጫውን የሚመልስልዎት ግን ይኼ ነው።

ቀጭ ስለሚለው ድምፅ ብዙ አይጨነቁ፤ ጡንቻው እስኪጠነክር የተለመደ ነው። ድምፁ ከሕመም ጋር ከመጣ ወይም እንደ ወፍጮ ከተፋጨ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ባትዎ በአንድ በኩል አብጦ ከጋለ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ቁስሉ ከፈሰሰ ወይም ብሽሽትዎ ላይ ሲረግጡ አዲስ ሕመም ከመጣ ግን ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ። የብሽሽቱ ሕመም ከሆነ ደግሞ ራጅ ሳይነሱ አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ። ብረቱ ኮባልትና ክሮሚየም ስላለው በየጊዜው የደም ምርመራ ይታዘዝልዎ ይሆናል። ከሕንድ ይዘውት የመጡትን የብረቱ ዓይነትና መጠን የተጻፈበትን ወረቀት ከራጁ ጋር ያስቀምጡ።

ሩጫን ብዙ ሐኪሞች ከ6 ወር በፊት አይፈቅዱም፤ እስከ ዓመት የሚያቆዩም አሉ። እስከዚያ ሜዳ ላይ እርምጃ፣ ኮርቻው ከፍ ያለ የጂም ሳይክል። ጅሬንን መጀመሪያ በእግርዎ ይውጡት፤ ሲመለሱ በባጃጅ ይውረዱ። ሽቅቡ ያደክማል እንጂ ዳሌውን የሚደበድበው ቁልቁለቱ ነው።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሐኪምዎ ከፈቀደ ሜዳ መውጣት ይችላሉ። ፊሽካ ይንፉ፤ ዝላዩን ግን ተማሪ ያሳይ። ወንበር ከቤት ያስይዙ፤ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ከእናቴ በርጩማ ብዙም አይሻልም።