ማርሹን ራሱ የሚቀይር ሞተር፦ ስለ ሆንዳ ዲሲቲ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን እዚህ ለንደን ሆንዳ ኤንሲ750ኤክስ የሚባለውን ሞተር ሳይክል፣ ባለ ዲሲቲውን፣ ሞክሬ በጣም ወድጄዋለሁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ለማያውቀው፦ ዲሲቲ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን (ክላች) ካምቢዮ ነው። ማርሹን ራሱ ይቀይራል። የፍሪሲዮን እጀታም ሆነ የእግር ማርሽ የለውም። ጥያቄዎቹን እንደመጡልኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስኩተርም እኮ አውቶማቲክ ነው። ምን ይለየዋል?

መልስ፦ በጣም ይለያያሉ። አብዛኛው ስኩተር የሚሠራው በቺንጋ ነው፤ አንደኛ ሁለተኛ የሚባል ማርሽ የለውም። ይኼኛው ግን የለመድነው ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ነው። አንዱ ፍሪሲዮን 1ኛን፣ 3ኛንና 5ኛን ይይዛል። ሌላው 2ኛን፣ 4ኛንና 6ኛን። በ2ኛ እየሄድክ 3ኛው ቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ይይዛል። ጉልበቱ ስለማይቋረጥ ከኋላህ የተቀመጠው ሰው ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሄልሜቱ ከሄልሜትህ ጋር አይጋጭም። ሆንዳ ለገበያ ያቀረበው መጀመሪያ በቪኤፍአር1200ኤፍ ነው፣ በ2010 እ.ኤ.አ.።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሁልጊዜ የነዳሁት ማኑዋል ነው። መጀመሪያ ስወጣበት ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስታስነሳው ኒውትራል ላይ ነው። በቀኝ አውራ ጣትህ ዲ የሚለውን ትጫናለህ። ከታች ቋ የሚል ድምፅ ትሰማለህ፤ አንደኛ ገባ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ቀኝ እጅህን ጠብቅ። ሞተሩ ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል፣ ነዳጅ ከነካህ ግን ይሄዳል። ወርደህ ልትገፋው ከሆነ አስቀድመህ ወደ ኒውትራል መልሰው። ለመቆም ፍሬን መያዝ ብቻ ይበቃል፤ ማርሹን ራሱ እስከ አንደኛ ያወርደዋል። ግራ እጅህ ፍሪሲዮን ፍለጋ መዘርጋቱ አይቀርም፣ ቶሎ ይለምዳል።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮን ሳልይዝ ጠባብ ቦታ ላይ እንዴት እዞራለሁ? እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው።

መልስ፦ ልክ ነህ፣ ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። በማኑዋል ሞተር ፍሪሲዮኑን ያዝ ለቀቅ እያደረግን ነው ቀስ ብለን የምንዞረው። እዚህ ያንን ሥራ የሚሠራልህ የኋላ ፍሬን ነው። ነዳጁን በጣም ትንሽ ስጥና እዚያው ላይ አጽናው። ከፍ ዝቅ አታድርገው። ቀኝ እግርህን የኋላ ፍሬኑ ላይ በስሱ አሳርፍ። ፍጥነቱን የምትመጥነው በእግርህ ነው። ነዳጁን ጨርሰህ ከዘጋኸው ግን ፍሪሲዮኑ ይለቅና ሞተሩ መሐል ላይ አቅም ያጣል፤ መውደቅ የሚመጣው ያኔ ነው። መሪው ታጥፎ እያለ የፊት ፍሬን አትንካ። ከ220 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንዴ ካዘመመ በእግር ደግፎ ማቆም ከባድ ነው።

ስለዚህ ለሙከራ ስትወጣ መጀመሪያ ባዶ ፓርኪንግ ፈልግ። በግራም በቀኝም ዙር። ዳገት ላይ ቁምና ተነሳ፤ በኋላ ፍሬን ካልያዝከው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሻጮች ብዙ ጊዜ ቀጥ ባለ ሰፊ መንገድ ይሰዱሃል። እዚያ ላይ ደስ የማይል ሞተር የለም። እኔ ይህን ሞተር የወደድኩት ፓርኪንጉ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዲ ላይ ይተኛል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ዲ የተሠራው ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ይወጣል። ቀድመህ ልታልፍ ስትል ይዘገይብሃል። ስፖርት የሚለው ላይ አድርገው፣ ሌላ ሞተር ነው የሚመስልህ። ወይም ዲ ላይ እንዳለህ በግራ አውራ ጣትህ የመቀነሻውን ቁልፍ ተጫን፤ ወዲያው አንድ ማርሽ ይወርዳል፣ በኋላ ራሱ ወደ አውቶማቲክ ይመለሳል። መጨመሪያው በሌባ ጣት በኩል ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እኔ ከስፖርት አልወርድም።

ጥያቄ፦ የግራ እጄን አንጓ ያመኛል። በትራፊክ ፍሪሲዮን መያዝ አቅቶኝ መንዳት ላቆም ነበር። ይረዳኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። ይኼ ሞተር ላንቺ ነው። በመጨናነቅ ውስጥ ግራ እጅሽ መሪ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ክብደቱን ግን ሳትሞክሪ አትግዢ፤ ከማኑዋሉ ወደ 10 ኪሎ ይበልጣል። ቤንዚኑ ከወንበሩ ሥር ስለሆነ ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ያ ያግዝሻል። ታንከሩ መሆን የነበረበት ቦታ ደግሞ 23 ሊትር የሚይዝ ሣጥን ነው፤ ሄልሜትሽ ይገባበታል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ። ባትሪ ቢሞትብኝ ገፍቼ አስነሳዋለሁ?

መልስ፦ አይነሳም። ፍሪሲዮኖቹን የሚያስይዛቸው የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ካልሠራ ግፊት የለም፣ ግፊት ከሌለ ሁለቱም ክፍት ናቸው። የእጅ ፍሬን የተደረገለትም በዚሁ ምክንያት ነው። ማርሽ አስገብተህ ዳገት ላይ ልታቆመው አትችልም፤ የእጅ ፍሬኑን ሳትስብ እንዳትሄድ። ዘይቱን በሰዓቱ ቀይር። ከሞተሩ ፊልትሮ ሌላ ለፍሪሲዮኖቹ ለብቻው የተሠራ ፊልትሮ አለው፤ መካኒኮች ይረሱታል፣ አንተ አስታውሳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ የሆንዳ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ በቅርብህ ከሌለ ማኑዋሉን እመርጥልሃለሁ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝ ገና መጣሁ። የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን በዲሲቲ ብወስድስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ፈቃድህ ለአውቶማቲክ ብቻ ይሆናል። ማኑዋል ለመንዳት እንደገና መፈተን ሊኖርብህ ነው። እጅህ ጤነኛ ከሆነ በማኑዋል ተፈተን፣ ከዚያ የፈለግከውን ግዛ።

ጥያቄ፦ ኢ-ክላች የሚሉትስ ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ2024 ከሲቢ650አር ጋር የመጣው ኢ-ክላች እጀታውንም የእግር ማርሹንም አልነካም። ፍሪሲዮኑን ይይዝልሃል፣ ማርሹን የምትቀይረው አንተ ነህ። ማርሽ መምታት ለሚወድ ሰው እሱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለሙከራ ስሄድ ምን ልያዝ?

መልስ፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜት፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ። ከመፈረምህ በፊት ሞተሩ ቢወድቅ ከኪስህ ስንት እንደምትከፍል ጠይቅ፤ ገንዘቡ ትንሽ አይደለም። ሻጩ ስፖርት ላይ እንዴት እንደምታደርገው እዚያው ቆሞ ያሳይህ፤ መንገድ ላይ ቁልፍ አትፈልግ።