ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኩባያውን ይመልሱት፣ መስኮቱን ይክፈቱት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዋርሳዬ ለሥራ ብሎ ከገጠር መጥቶ ከእኛ ጋር ነው ያለው። ሁለት ወር ያህል ሲያስለው ብርድ መትቶት ነው ብለን ዝም አልን። በኋላ ጤና ጣቢያ አክታው ታየና የሳንባ ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሳሉ ቀንሷል፣ ምግብም እየበላ ነው። ጎረቤቶች ሳህኑንና ኩባያውን ለዪበት ስላሉኝ ለየሁበት። ባለቤቴ ደግሞ ገጠር እናቱ ጋ ይመለስ ይላል። የ3 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ወር ጡት የሚጠባ ወንድ ልጅ አለኝ። የምንተኛው ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ልጆቼ ይያዙብኝ ይሆን? መድኃኒቱ ሥጋና ቅቤ ካልተበላበት ይጎዳል የሚባለውስ እውነት ነው? ሽንቴ ቀይ ሆነ ብሎም ፈርቷል።» (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቁ። ከሁሉም የሚያስቸኩለው የልጆቹ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ነገ ዛሬ ሳይሉ ሁለቱንም ይዘው ዋርሳዎ መድኃኒት ወደሚወስድበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቲቢ ክፍሉን ይጠይቁና «አክታው ላይ ቲቢ የተገኘበት ሰው ቤታችን አለ» ብለው ይንገሯቸው። የክትባት ካርዳቸውን አይርሱ። «አያስላቸው፣ አያተኩሳቸው፣ ደህና ልጅ ይዤ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» እንዳይሉ። እኛም ልጆቹን የምንፈልጋቸው ደህና ሳሉ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርዎታለሁ።

አሁን ወደ ኩባያው። ይመልሱት። ሳህኑንም ይመልሱት። እንደማንኛውም ዕቃ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ይበቃል። ከእናንተ ጋር በአንድ ትሪ ይብላ። ቲቢ በሳህን፣ በማንኪያ፣ በመጨባበጥ፣ በልብስ ወይም በአልጋ ልብስ አይተላለፍም። የሳንባ ቲቢ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በአየር ነው። በሽተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ጮክ ብሎ ሲያወራ ወይም ሲዘፍን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ይወጣሉ። ትልልቆቹ ጠብታዎች መሬት ላይ ይወድቃሉ፣ እነሱ ብዙ አያሳስቡንም። የሚያስቸግሩት በጣም ደቃቆቹ ናቸው። በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደ ዕጣን ጢስ ለሰዓታት ተንሳፈው ይቆያሉ። ሌላው ሰው ያንን አየር ሲስብ ባክቴሪያው ሳንባው ጥግ ድረስ ይገባል።

እንግዲህ ነገሩን ይመልከቱት። በብዙ ቤት የበሽተኛው ኩባያ ይለያል፣ መስኮቱ ግን ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። ኩባያው ምንም አላደረገም። አየሩ ነው ጥፋተኛው። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ገርበብ ሲያደርግ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊያስመታን ነው!» የሚል አይጠፋም። ብርድ ቲቢ አያመጣም። ምችም አያመጣም። በዘር የሚወረስም አይደለም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት አራት ሰው ሲታመም ዘር የሚመስለን አብረው አንድ አየር ስለሚተነፍሱ ነው። ብዙ አውሮፓውያንም ለረጅም ዘመን በዘር የሚመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ባክቴሪያውን አግኝቼዋለሁ ብሎ እስኪያስታውቅ ድረስ። የዓለም የቲቢ ቀን እስከ ዛሬ በዚያ ዕለት ይከበራል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማታ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል፣ ከሰል ይገባል። (የከሰሉ ነገር ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ።) ሌሊቱን ሙሉ ክፍት አድርጋችሁ እደሩ አልልዎትም። ቀን ቀን ግን መስኮትም በርም ወለል ብሎ ይከፈት። ትይዩ የሆነ ቀዳዳ ካለ አየሩ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ፀሐይ ይግባ፣ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ማታም መስኮቷ ትንሽ ገርበብ ትበል፣ ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል። ዋርሳዎ ወደ መስኮቱ በኩል ይተኛ፣ ልጆቹ ራቅ ይበሉ። መጋረጃ አየር ስለማይከለክል አይመኑበት። ሲያስል በክንዱ ወይም በጨርቅ አፉን ይሸፍን። ቤት ውስጥ ሲሆን ማስክ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ቀን ደግሞ ደጅ ፀሐይ ላይ ይዋል።

ይህ ሁሉ እስከ መቼ? መድኃኒቱ ከሠራለት ብዙ አይቆይም። ትክክለኛውን መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው የማስተላለፍ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ሥጋቱ በጣም ይቀንሳል። ዋርሳዎ ያንን አልፏል። አንድ ነገር ብቻ ጤና ጣቢያው ላይ ያረጋግጡ። አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ታይቶ እንደሆነና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ አለመሆኑን ይጠይቁ። መሣሪያው ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይለያል። ከተላመደ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ጥንቃቄውም ይረዝማል።

ባለቤትዎ ወደ ገጠር ይመለስ ያሉት ልጆቻቸውን ፈርተው እንደሆነ ይገባኛል። ግን አሁን ማባረር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ልጆቹ የተጋለጡት ብርድ ነው እያላችሁ ባሳለፋችኋቸው ሁለት ወራት ነው። ዛሬ መድኃኒት እየዋጠ ያለው ሰው ያኔ ካልታወቀለት ሰው በእጅጉ የተሻለ ነው። ገጠር ሲሄድ ደግሞ ጤና ተቋሙ ይርቅበታል፣ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ በሽታው ያገረሽበታል። ያን ጊዜ እናቱም ልትያዝ ትችላለች። የግድ መሄድ ካለበት ዝም ብሎ አይሂድ። የዝውውር ወረቀት ተጽፎለት እዚያ ካለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን መቀጠል ይችላል። በመንግሥት ጤና ተቋም ሕክምናው በነፃ ነው፣ የትም ቢሄድ።

አሁን ለልጆቹ ምክንያቱን ልንገርዎ። የቲቢ ባክቴሪያ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። የዓለም ሕዝብ ሩብ የሚሆነው ባክቴሪያው ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል። አብዛኛውን ሰው ሰውነቱ አፍኖ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ሰው አያስለውም፣ ወደ ሌላም አያስተላልፍም። ከመቶ ሰው በሕይወት ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ይህ ግን የጤነኛ አዋቂ ሒሳብ ነው። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት፣ ስኳር ያለበት፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ዕድሉ ይጨምራል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ በጣም ያሰጋል፣ በተለይ ገና ዓመት ያልሞላው። መከላከያው ገና ስላልጠና ባክቴሪያው ከሳንባ አልፎ በደም ይሰራጫል፣ የአንጎል ሽፋንም ድረስ ይሄዳል። ይህ የሚሆነው በሳምንታት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው አክታ እየተፋ አይነግርዎትም። ክብደቱ መጨመር ያቆማል፣ መጫወት ይተዋል፣ ያለምክንያት ያተኩሰዋል። በቃ ይኸው ነው ምልክቱ።

ልጆቹ ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የተወጉት ክትባት፣ ቢሲጂ ማለት ነው፣ ከእነዚህ ከባድ ዓይነቶች በደንብ ይከላከላል። ሙሉ ዋስትና ግን አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው ልጆቹን ያያቸዋል፣ ይመዝናቸዋል። የመታመም ምልክት ካላገኘባቸው የመከላከያ መድኃኒት ያስጀምራቸዋል። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ3 እስከ 6 ወር ይወሰዳል። «ላልታመመ ልጅ መድኃኒት?» ብሎ የሚቃወም ዘመድ አይጠፋም። አይስሙት። እርስዎና ባለቤትዎም ተመርመሩ። ጡት ማጥባቱን አያቋርጡ፣ ቲቢ በጡት ወተት አይተላለፍም። የላም ወተት ከሆነ ግን ይፈላ። የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፣ የእናንተ አካባቢ ደግሞ ወተት የሚበዛበት ነው።

ወደ ቀዩ ሽንት ልምጣ። አይፍራ። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ያደርገዋል። ላቡንም እንባውንም ሊያቀልመው ይችላል። ደም አይደለም፣ ኩላሊቱም አልተጎዳም። ይህን ሳይነገራቸው ቀርቶ ደነገጡና ክኒኑን የጣሉ ሰዎች ገጥመውኛል፣ ሲመለሱ ከመጀመሪያው ብሰው ነው የመጡት። ቀይ ሽንት አያስፈራም፤ ቢጫ ዓይን ግን ያስፈራል። የዓይኑ ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወክ ከበዛበት፣ ወይም ዓይኑ ደብዘዝ ካለበትና ቀለም መለየት ካቃተው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። እጅና እግሩን ካቃጠለው ወይም ካደነዘዘውም ይናገር፣ የሚረዳ ቫይታሚን አለ። (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ሪፋምፒሲን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክማል። የምትወስዱ ሴቶች ለሐኪማችሁ ንገሩ።)

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን መሻሉን ነው። ሦስተኛ ሳምንት ላይ ሳል ይቀንሳል፣ ምግብ ይጥማል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል። አልዳነም። በቶሎ የሚባዙት ባክቴሪያዎች ናቸው ያለቁት። ቀስ ብለው የሚኖሩት ገና አሉ፣ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውም እነሱን ለመጨረስ ነው። ሕክምናው 6 ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተዋህዶ ይሰጣል፣ ቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት። ድሮ 8 ወር ይወስድ ነበር፣ ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎች «8 ወር ነው» ካሉ ከዚያ የመጣ ነው። መሀል ላይ የሚያቆም ሰው ከሞት የተረፉትን ባክቴሪያዎች መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋቸዋል። ጸበል ከሄደም ክኒኑን ይዞ ይሂድ፣ አብረው ይሄዳሉ። እዚያም ተጨናንቆ በተዘጋ ቤት አይደር።

የሥጋና የቅቤው ነገር ብዙ ሰው የሚያሳስብ ወሬ ነው። ለሥጋ የሚሆን ገንዘብ የለኝም ብሎ መድኃኒት ሳይጀምር የቆየ ሰው አለ። መድኃኒቱ ሥጋ ካልተበላበት አይጎዳም። የጎዳው በሽታው ነው፣ ያከሳውም እሱ ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ሲገኝ ዕንቁላሉ በቂ ነው። ዋናው በልቶ መጥገቡ ነው። ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆዱ ቢወስድ ይመረጣል፣ ካጥወለወለው ግን ትንሽ ነገር ቀምሶ ይዋጠው። መጠጥ ግን ይቅርበት። ጠላም አረቄም። ጉበቱ ላይ ሁለት ሸክም ነው የሚሆንበት።

የኤች አይ ቪ ምርመራ ሲጠየቅ ቅር እንዳይለው ይንገሩት። ቲቢ የተገኘበት ሰው ሁሉ ይጠየቃል፣ ጥርጣሬ አይደለም። ሁለቱ ካሉ የሁለቱም ሕክምና አብሮ ይሰጣል፣ አንዳንዱ መድኃኒት መጠኑ መስተካከል ስላለበት ነው ማወቅ የምንፈልገው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታ አምጣ ይባላል። ያኔ ሳሉ ጠፍቶ «ከየት ላምጣ» ማለቱ አይቀርም። ጠዋት እንደተነሳ አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ። ሁለት ሦስቴ በኃይል አየር ስቦ ያስወጣ፣ ከዚያ ከደረቱ ጠልቆ ይሳል። የሚፈለገው ምራቅ ሳይሆን ወፈር ያለው አክታ ነው። ዕቃውን ወዲያው ይክደነው። ይህንንም ልጆቹ ባሉበት ክፍል ሳይሆን ደጅ ወጥቶ ያድርገው።