ሙሉ ቀፎ ለምን በድንገት ባዶ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ቀፎዬ በንብ ጢም ብሎ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስከፍተው እፍኝ የማይሞላ ንብ ቀርቷል። ማሩ ግን አለ። ቀድሞ የሚታይ ምልክት አልነበረውም ወይ?»

መልስ፦ የለፉበት ቀፎ እንዲህ ሲሆን ያማል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ግን የንቡን ብዛት በማየት አይገኝም። መታየት ያለበት ቀፎው ትንሽ ሲጎዳ በስንት ቀን እንደሚያገግም ነው።

ቀፎ ውስጥ ሥራ የሚከፋፈለው በዕድሜ ነው። ወጣቶቹ እጭ ይመግባሉ። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው ለቅስም ይወጣሉ። ቀሳሚዎቹ በመርዝ ወይም በበሽታ ሲያልቁ ወጣቶቹ ያለ ዕድሜያቸው ይተኳቸዋል። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሁሉም ደህና ነው። እነዚህ ልጆች ግን ብዙ አያመጡም፣ ቶሎም ይሞታሉ። እጭ የሚመግብ ይጠፋል፣ ተተኪ ያንሳል፣ ከዚያ ደግሞ ይበልጥ ለጋ የሆኑት ይወጣሉ። ቀፎው እስከተወሰነ ድረስ ይችለዋል። ወሰኑ ካለፈ ግን በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ጉድለቱን የሚሸፍነው መተጋገዝ ችግሩንም ይደብቀዋል።

እርስ በርሱ የተሳሰረ ነገር ወደ ወሰኑ ሲጠጋ ማገገሙ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የእርሾ ሕዋሳት ላይ ይኸው በቤተ ሙከራ ታይቷል፦ ሕዋሳቱ ለመጥፋት ሲቃረቡ የቁጥራቸው መዋዠቅ ጨመረ፣ ወደ ነበረበት ለመመለስም ጊዜ ፈጀ።

እርስዎ ይህን በሚዛን ሊያዩት ይችላሉ። ዝናብ ንቦቹን ጥቂት ቀን ሲያግዳቸው የቀፎው ክብደት ይቀንሳል። ሲያባራ ሁሉንም ቀፎዎች በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዝኑ። ሌሎቹ ቶሎ ሲመለሱ አንዱ ወደኋላ ከቀረ፣ በሚቀጥለው ዝናብ ደግሞ ይበልጥ ከዘገየ፣ ንቡ ቢበዛም አይመኑት።

ሁለተኛው ምልክት እንጀራው፣ ማለትም ንቦቹ በሰም የሚሠሩት ባለጉድጓድ ሰሌዳ ላይ ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህንን ነው። ሠራተኛ ንብ እንቁላል ሆና 3 ቀን፣ እጭ ሆና 6 ቀን ገደማ፣ ጉድጓዷ በሰም ተከድኖ ደግሞ 12 ቀን ትቆያለች። ንግሥቷ ሳታቋርጥ ከጣለች፣ እጩም ከተመገበ፣ ለአንድ እንቁላል ሁለት እጭ፣ አራት የተከደነ ይገኛል ማለት ነው። እንጀራው የተሠራበትን ፍሬም ፀሐይ በትከሻዎ በኩል እንዲገባ አድርገው ይያዙት። እንቁላሉ ከጉድጓዱ ሥር እንደ ቀጭን ነጭ ክር ቆሞ ይታያል። እንቁላል ሞልቶ እጭ ካነሰ መጋቢ ጎድሏል። የተከደነው መሃል ባዶ ጉድጓድ ከበዛም ያው ጥርጣሬ ነው። አበባ በሚጠፋበት ወቅት ንግሥቷ ራሷ ስለምትቀንስ ሁልጊዜ ከጎረቤት ቀፎ ጋር ያስተያዩ።

በአንድ ቀን የተረጨ ፀረ ተባይ ግን ምልክት ሳይሰጥ ሊጨርሳቸው ይችላል።

የዘገየ ቀፎ ሲያገኙ መጀመሪያ ቫሮዋን፣ ማለትም ንብ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውን ጥቃቅን ተባይ ይፈትሹ። ንግሥቷ ከሚወስዷቸው ንቦች መሃል አለመኖሯን አረጋግጠው 300 ያህል ንብ በወንፊት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በደቀቀ ስኳር ያንቀጥቅጡ፣ የሚረግፈውንም ቫሮዋ ይቁጠሩ። ዘጠኝና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምናው ነገ አይባልም። ማር አይቁረጡ፣ በሩን ያጥብቡ፣ አበባ ከሌለ የስኳር ውኃ ይስጡ። በሽታ እንደሌለ ካረጋገጡ ከብርቱ ቀፎ ሊፈለፈል የደረሰ አንድ ፍሬም ያውሱት።